ተፊሊን ያሰረ ሰው ሐሳቡ የት መሆን አለበት?

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ውስጥ «አሸንክታብ» የሚል ቃል አለ። ብዙዎቻችን አንብበነው አልፈናል እንጂ ምንነቱን አልጠየቅንም። አይሁድ ተፊሊን ይሉታል። ከቆዳ የተሠሩ ሁለት ትንንሽ ጥቁር ሳጥኖች ሲሆኑ አንዱ በክንድ፣ ሌላው ከግንባር ከፍ ብሎ በራስ ላይ በጠፍር ይታሰራል። በውስጣቸው ከኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 13 እና ከኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 እና 11 የተወሰዱ አራት ክፍሎች በብራና ተጽፈው ይገኛሉ። ከ13 ዓመት ጀምሮ ያሉ ወንዶች ከሰንበትና ከበዓላት በቀር በጠዋት ጸሎት ያስሩታል። የአገራችን ቤተ እስራኤላውያን ኦሪትን በግእዝ ያነቡ ነበር፤ ታልሙድ ግን ስላልደረሳቸው ተፊሊን ማሰር ልማዳቸው አልነበረም።

እኛ ክታብን ስለምናውቅ ተፊሊንንም እንደዚያው ልናየው እንችላለን። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ክታብ ያሰረ ሰው ክታቡ ይጠብቀኛል ብሎ ይሠራል፣ ይተኛል፣ ይጫወታል። በተፊሊን ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጠባቂው ሰውየው ነው።

ታዲያ የሚጠብቀው ምኑን ነው? በመጀመሪያ ደረጃ ሐሳቡን ነው። መናኾት በተባለው የታልሙድ ክፍል እንዲህ የሚል ክርክር ቀርቧል። ሊቀ ካህናቱ በግንባሩ ላይ በሚያስረው ወርቅ የእግዚአብሔር ስም የተቀረጸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ ልቡ ከእሱ እንዳይለይ ታዟል። ስሙ ደጋግሞ የተጻፈበት ተፊሊንማ ምን ያህል ይበልጥ! ስለዚህ ያሰረው ሰው በየጊዜው በእጁ ይዳስሰዋል፤ መጀመሪያ የክንዱን፣ ቀጥሎ የራሱን። የክንዱን አስሮ የራሱን ሳያስር መሃል ላይ ወሬ ማውራትም ክልክል ነው።

ሁለተኛው የአካል ንጽሕና ነው። ታልሙድ ተፊሊን ንጹሕ አካል ይፈልጋል ይላል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሲጠየቅ አባዬ የተባለው ሊቅ ከሆድ ንፋስ አለማውጣት ነው አለ፤ ራቫ ደግሞ አለመተኛት ነው አለ። ተፊሊን አስሮ ሽንት ቤት መግባት አይፈቀድም። ሆዱን የታመመ ሰውም ከግዴታው ነፃ ነው።

ሦስተኛው ዋዛ ፈዛዛን መተው ነው። አባዬ አንድ ቀን መምህሩ ከልክ በላይ ሲደሰት አይቶ ደስታ ከፍርሃት ጋር መሆን እንዳለበት አስታወሰው። መምህሩም ተፊሊን አስሬያለሁ ብሎ መለሰለት፤ ደስታዬ ከልክ አያልፍም ማለቱ ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሳል። የሰው ሐሳብ እንዴት አንድ ቦታ ይረጋል? በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት ረቢ ዮና ዘጂሮና ነገሩን አቅልለውታል። ሐሳብን ማንሳት የሚባለው ቧልትና ፌዝ ነው እንጂ ሥራውን የሚሠራ ሰው ሕጉን አላፈረሰም የሚል ትምህርት በስማቸው ተላልፏል።

የንጽሕናው ሕግ ግን አልቀለለም። ዮሴፍ ካሮ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1565 በቬኒስ የታተመው ሹልሐን ዓሩኽ የተፊሊን ትእዛዝ ቀኑን ሙሉ ማሰር እንደሆነ ይናገራል። ሆኖም ሰው ይህን ሁሉ ሰዓት አካሉን መጠበቅ ስለማይችል ልማዱ በጸሎት ጊዜ ብቻ እንዲሆን ተደርጓል።

በእኔ አስተያየት የሕጉ መንፈስ በዚህ ይታወቃል። የአክብሮቱን ደረጃ ዝቅ ከማድረግ ይልቅ ሰዓቱን ማሳጠር ተመረጠ። የማቴዎስ ወንጌል ተግሣጽም ለሰው ለመታየት ብለው አሸንክታባቸውን በሚያሰፉት ላይ ነው። የአይሁድ ሕግም ቢሆን ሰውየውን ከውስጥ ሐሳቡ ጀምሮ ስለሚጠይቀው፣ ማሰሩ ብቻ ግዴታውን አይፈጽምለትም።