ለቀቀች ወይስ አስለቀቋት?

«ሠራተኞቹ ሥራቸውን ለቀቁ» የምትል ዓረፍተ ነገር ዜናችን ውስጥ ቶሎ ነው የምትገባው። ምን እንዳስለቀቃቸው ብዙም አንጠይቅም። በሕግ ዓይን ግን ይህች «ለቀቁ» የገንዘብ ጉዳይ ናት።

እንደ አሜሪካ ባሉ የሥራ አጥነት መድን ባላቸው አገሮች፣ ያለ በቂ ምክንያት በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የመድኑን ክፍያ ያጣል። እኛ ዘንድ ተመሳሳዩ ክርክር የሚነሣው በስንብት ክፍያና በካሳ ላይ ነው። የሚዳኘውም በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው።

እስቲ አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ እናስብ። 3 ዓመት ሠርታለች፤ የቀን ደመወዟ 100 ብር ነው እንበል። ደመወዙ በየወሩ እየዘገየ፣ አንዳንዴም ጭራሽ እየቀረ ሲመርራት «በግል ምክንያት ለቅቄአለሁ» የሚል ወረቀት አስገብታ በዚያው ቀን ወጣች። በቃ፣ የስንብት ክፍያ የላትም፤ ምክንያቱም በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሰው ይህን ለማግኘት ቢያንስ 5 ዓመት ማገልገል አለበት። ይባስ ብሎ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስላልሰጠች አሠሪው እሷኑ ካሳ ሊጠይቃት ይችላል!

በደሉ ያው ሆኖ ደብዳቤው ሌላ ቢሆንስ? የአዋጁ አንቀጽ 32 ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን የሚያቋርጥባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። ሰብዓዊ ክብሩን የሚነካ ድርጊት ሲፈጸምበት፣ ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ሲደርስበት፣ አሠሪው ለጤናና ለደኅንነት የሚያሰጋ አደጋ እያወቀ ዝም ሲል፣ ወይም መሠረታዊ ግዴታውን በተደጋጋሚ ሳይወጣ ሲቀር ነው። («በተደጋጋሚ» የምትለዋን ልብ በሉ፤ አንድ ጊዜ የዘገየ ደመወዝ አይበቃም።) በዚህ መንገድ ብትወጣ ኖሮ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ 3,000 ብር፣ ለቀሪዎቹ ሁለት ዓመታት የዚህ ሲሶ ሲሶ፣ ማለትም 2,000 ብር፣ በላዩም የ30 ቀን ካሳ 3,000 ብር ታገኝ ነበር። ድምሩ 8,000 ብር ነው። ምክንያቱ ወሲባዊ ትንኮሳ ከሆነ ካሳው ወደ 90 ቀን ከፍ ይላል።

እንግዲህ ዜሮና 8,000 የተለያዩት በአንዲት ወረቀት ነው። ሕጉ ሠራተኛው የሚለቅበትን ምክንያትና ቀን ለአሠሪው በጽሑፍ እንዲገልጽ ያዛል። ተጣልቶ ላለመለያየት ሲባል «በግል ምክንያት» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ጨዋነት ይመስላል፣ ግን ኋላ ማስረጃ የሚሆነው ለአሠሪው ነው። ስለዚህ ለቀቅኩ የሚል ሠራተኛ ቃለ መጠይቅ ስናደርግ ደብዳቤውን አሳየን ማለት፣ ማን እንዳረቀቀውም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሌላው ጣጣ ጊዜው ነው። ይህ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከቆመበት ቀን አንሥቶ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል። በእኔ አስተያየት በጣም አጭር ነው። የተሰደበ ሰው ሌላ ሥራ እስኪያገኝ ችሎ ልቀመጥ ቢል፣ ሦስት ሳምንት አልፎ በዚያ ስድብ ምክንያት ሲወጣ እንደማንኛውም በፈቃዱ እንደለቀቀ ሰው ሊቆጠር ይችላል።