አዲስ ራውተር ይመጣል እየተባለ ቤትን ያለ መገናኛ ስለ ማቈየት

ቤትን በሚገባ ማስተዳደር የሚገለጠው በሳሎን ምንጣፍና በገበታ ማማር ብቻ አይደለም። ልጆች የሚማሩበት፥ አባወራው የመሥሪያ ቤቱን ጉዳይ የሚያነብበት፥ እመቤቲቱም በሩቅ አገር ካሉት ዘመዶቿ ጋራ የምትነጋገርበት መሣሪያ በቤቱ ውስጥ መልካም ሆኖ መገኘቱም ከዚሁ የሚቈጠር ነው። ይህም መሣሪያ ራውተር ይባላል፤ ብዙው ሰው ግን በተለምዶ ዋይፋይ ይለዋል። ሥራውም ወደ ቤት የሚገባውን ኢንተርኔት ተቀብሎ ያለ ሽቦ ለየስልኩና ለየኮምፒውተሩ ማከፋፈል ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ለክቡራን አንባቢዎቻችን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ስልክ ወደ አገራችን ከገባ ረዥም ዘመን ነው። በ1894 በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የሚደርሰው የስልክ መሥመር ሥራ ተጀመረ። ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት የዋለው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ በ1997 ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ፈጥኖ ሄደ፤ በ2015 አራተኛው የሞባይል ትውልድ በአዲስ አበባ ተስፋፋ፤ በ2021 ቴሌብር ሥራውን ጀመረ፤ በ2022 ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሁለተኛ ኩባንያ ሆኖ ገባ። እንዲህ በመሆኑ ዛሬ በአዲስ አበባ ላለ ቤተ ሰብ ኢንተርኔት እንደ ውሃና እንደ መብራት ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ ሆኗል።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ካዛንችስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከሚባለው ድርጅት ነው፤ ትርጓሜውም የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። በዚሁ ሰፈር ከአንድ ፎቅ ቤት የሚኖሩ አንድ ወዳጅ አሉን። ወዳጃችን ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ገንዘብ በከንቱ አያወጡም። በቤታቸው ያለው ራውተር ካረጀ ቈይቶ ነበር። ሊለውጡት ባሰቡ ጊዜ ግን አንድ ሰው «ዋይፋይ ሰባት የሚባል ሊወጣ ነውና ይታገሡ» አላቸው፤ ታገሡ። ሰባተኛው በወጣ ጊዜ ደግሞ ሌላው ሰው «ስምንተኛው እየተሠራ ነው፤ አሁን የሚገዛ ገንዘቡን ጣለ» አላቸው፤ አሁንም ታገሡ። እንዲህ እየተባለ ሁለት ዓመት ዐለፈ።

በዚህ መካከል የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃቸው መገናኛው እስከ መኝታ ክፍሏ ስለማይደርስላት፥ ሌሊት በሳሎኑ ደጃፍ መተላለፊያው ላይ ወንበር አኑራ፥ ጋቢ ተከናንባ ታጠና ነበር። በ2024 የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለአንዳንዶቹ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠቱን ስለምታውቅ ልምምዷን ማቋረጥ አልፈለገችም። ለየስልኩ የሚገዛውን የዳታ ጥቅል ዋጋ እመቤቲቱ በደብተር ይዘውት ኖሮ ቢደምሩት፥ ከአንድ ደኅና ራውተር ዋጋ በልጦ ተገኘ። ልጂቱም አንድ ቀን ማታ «አባባ፥ እርስዎ የሚመጣውን መሣሪያ ይጠብቃሉ፤ እኔን ግን ፈተናው አይጠብቀኝም» አለቻቸው። ወዳጃችን ይህን ቃል ሰምተው እንቅልፍ ሳይወስዳቸው አደሩ፤ በማግሥቱም ወደኛ መጥተው ምክር ጠየቁን። የሰጠናቸውን ምክር ለሌላውም ቤተ ሰብ ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን እነሆ እንጽፈዋለን።

ከሁሉ በፊት ስለ ወሬው እንናገር። ወሬው ሁሉ ሐሰት አይደለም። የዋይፋይን ደንብ የሚያወጣው አይ ትሪፕል ኢ የሚባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ነው። በ1999 የወጣው ደንብ 11 ሜጋ ቢት በሴኮንድ ያስተላልፍ ነበር፤ በ2003 የወጣው 54 ደረሰ። አራተኛው የሚባለው በ2009፥ አምስተኛው በ2013 ወጣ። ለስድስተኛው የምስክር ወረቀት መስጠት የተጀመረው በ2019፥ ለሰባተኛው በ2024 ነው። የስምንተኛው ደንብ ደግሞ በ2028 ይጠናቀቃል ተብሎ ይጠበቃል። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ቍጥር ልብ ብለው ይመልከቱት። ከአራት እስከ ስድስት ባለው ዓመት ውስጥ አዲስ ደንብ ይወጣልና «የሚመጣ የለም» የሚባልበት ጊዜ ከቶ አይገኝም። ስለዚህ የሚመጣውን ጠብቆ ለመግዛት የወሰነ ሰው ዘመኑን ሁሉ ሲጠብቅ ይኖራል፤ ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው መሆኑ ነው።

ደግሞም የቍጥሩ ታላቅነት ሊያታልለን አይገባም። ስድስተኛው ዋይፋይ በወረቀት ላይ እስከ 9.6 ጊጋ ቢት፥ ሰባተኛው እስከ 46 ጊጋ ቢት በሴኮንድ ሊያስተላልፍ ይችላል ይባላል። ነገር ግን አንድ ቤተ ሰብ የተዋዋለው መሥመር 10 ሜጋ ቢት ከሆነ፥ የስድስተኛው ራውተር አቅም የመሥመሩን አቅም ወደ ሺሕ እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል ማለት ነው። ምንጩ ቀጭን ከሆነ እንስራው ቢሰፋ ውሃው አይጨምርም። ከዚህም በላይ አዲሱ ራውተር ሙሉ ኀይሉን የሚሰጠው ስልኩና ኮምፒውተሩም ያንኑ ደንብ የሚያውቁ ሲሆኑ ነው። አሮጌው ስልክ ከአዲሱ ራውተር ጋራ ይሠራል፤ አዲሱም ስልክ ከአሮጌው ጋራ ይግባባል፤ ፍጥነቱ ግን ሁልጊዜ በደካማው ልክ ይሆናል።

ከዚህ ቀጥሎ ገዢው ሊመረምራቸው የሚገቡትን ነገሮች በተራ እንገልጣለን።

መጀመሪያ፥ ወደ ቤት የሚገባው መሥመር ምን ዐይነት እንደ ሆነ ይታወቅ። አሮጌው የመዳብ የስልክ ሽቦ ከሆነ፥ የዚያን ሽቦ ቋንቋ የሚያውቅ ሞደም ያለበት መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ውድ የሆነውን ራውተር ገዝቶ የስልኩ ሽቦ የማይገባበት ሆኖ ያገኘው ሰው ጥቂት አይደለም። ፋይበር ከሆነ ብርሃኑን የሚቀበል ሌላ ትንሽ ሣጥን ከግድግዳው አጠገብ ይኖራልና ራውተሩ ከእርሱ ጋራ በገመድ ይገናኛል። በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ደግሞ ከስልክ ማማ በቀጥታ ይቀበላል። ይህ የመጨረሻው ቤት ለሚለውጥ ሰው ይስማማዋል። በ2024 መጨረሻ ገደማ በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ ቤተ ሰቦች ከካዛንችስ ተነሥተው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል፤ በሽቦ የገባ መሥመር እዚያው ሲቀር ባለ ሲሙ ራውተር ከዕቃው ጋራ ተጭኖ ይሄዳል።

ሁለተኛ፥ ቤቱ ራሱ ይመርመር። ራውተር የሚሠራባቸው ሞገዶች በተለይ ሁለት ናቸው። ባለ 2.4 ጊጋ ኸርዙ ሩቅ ይሄዳል፥ ግድግዳም ያልፋል፤ ግን መንገዱ ጠባብ ስለ ሆነ እርስ በርሳቸው የማይነካኩ ሦስት መሥመሮች ብቻ አሉት። እንደ ቂርቆስ ባለ ቤት ከቤት በተጠጋጋበት ሰፈር የጎረቤቱ ሁሉ ራውተር በዚያ ይጋፋል። ባለ 5 ጊጋ ኸርዙ ሰፊና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ግድግዳ ያደክመዋል። ስድስተኛውን ሲያሻሽሉ የተጨመረውና ሰባተኛውም የሚጠቀምበት የ6 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ከዚህም ይልቅ አጭር ነው፤ አጠቃቀሙም በየአገሩ ፈቃድ የሚወሰን ነው። በአገራችን የሞገድ ጉዳይ የሚመለከተው በ2019 በአዋጅ ቍጥር 1148 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የጭቃ ግድግዳ ሞገድን ጥቂት ያደክማል፤ ብረት ያለበት ኮንክሪት እጅግ ያደክማል፤ ቆርቆሮና ትልቅ መስተዋት ግን ይመልሱታል።

የወዳጃችንን ቤት ሄደን ባየን ጊዜ ያገኘነው ነገር አስገረመን። ራውተሩ ከሳሎኑ ጥግ በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቈልፎ ነበር፤ የተቈለፈውም እንዳይሰረቅና አቧራ እንዳይነካው ተብሎ ነው። አውጥተን በቤቱ መካከል ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ብናኖረው፥ በዚያው ባረጀው መሣሪያ እንኳ መገናኛው እስከ ልጂቱ ክፍል በር ደረሰ። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ቦታውን መለወጥ ይገባል።

ሦስተኛ፥ ስንት ሰውና ስንት መሣሪያ እንዳለ ይቈጠር። ስድስተኛው ዋይፋይ ከፊተኞቹ የሚሻልበት ዋናው ነገር ብዙ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ሲጠይቁት ተራ አስይዞ በሚገባ ማስተናገዱ ነው። ልጆችና እንግዶች ለበዙበት ቤት ከፍጥነቱ ይልቅ ይህ ይጠቅማል። የስምንተኛውም ዓላማ ፍጥነት ከመጨመር ይልቅ መገናኛው ሳይቋረጥ እንዲጸና ማድረግ ነው።

አራተኛ፥ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ይታሰብ። ብዙዎቹ የቤት ራውተሮች የሚሠሩት በ12 ቮልት ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ባትሪ ለብዙ ሰዓት ሊያቈያቸው ይችላል። ነገር ግን በመሣሪያው ጀርባ የተጻፈውን የቮልት ቍጥር ሳያነቡ ባትሪ መግዛት መሣሪያውን ማቃጠል ይሆናል። ፋይበር ያለው ቤት ብርሃን ተቀባዩንም ሣጥን ከባትሪው ጋራ ማገናኘት እንዳለበት አይርሳ፤ አንዱ በርቶ ሌላው ቢጠፋ ጥቅም የለውም።

አምስተኛ፥ የቤቱ ምስጢር ይጠበቅ። አሮጌ መሣሪያን ለመለወጥ እውነተኛው ምክንያት የሚገኘው ከዚህ ላይ ነው። ሠሪው ፋብሪካ እርማት መላኩን ካቆመ፥ ወይም መሣሪያው ከ2004 ጀምሮ የታወቀውን ደብሊው ፒ ኤ ሁለት የተባለውን ቍልፍ እንኳ የማያውቅ ከሆነ፥ አዲስ ነገር መጣም አልመጣም ሊለወጥ ይገባዋል። አሁን የሚገዛው በ2018 የወጣውን ደብሊው ፒ ኤ ሦስትን የሚያውቅ ቢሆን መልካም ነው። መሣሪያው ከሱቅ ሲመጣ በጀርባው የተጻፈው የይለፍ ቃል በመጀመሪያው ቀን ይለወጥ፤ ለእንግዳ የሚሆን ሌላ የተለየ መገናኛም ይከፈት። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በቤቱ የሚያነብ ሹም ለእንግዳው ሁሉ አንዱን ቍልፍ ቢሰጥ የመዝገቡን ሣጥን ከፍቶ እንደ መተው ይቈጠራል።

ይህን ሁሉ ካመዛዘንን በኋላ፥ ወዳጃችን ፋይበር ስለ ገባላቸውና በቤታቸው ካሉት ስልኮች አብዛኞቹ ሰባተኛውን ስለማያውቁ፥ ዋይፋይ ስድስት የሆነውን መካከለኛ ዋጋ ያለውን ራውተር ከነ ትንሽ ባትሪው እንዲገዙ መከርናቸው። እርሳቸውም በዚያው ሳምንት ገዙ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው እኛም መቸኰልን አናመሰግንም፤ ሁለት ወር ወይም ሦስት ወር ጠብቆ ዋጋ ማወዳደር የብልህ ሥራ ነው። ነገር ግን ቤተ ሰቡ ዛሬ የሚቸገርበትን ነገር ቀኑ ላልታወቀ መሣሪያ ብሎ ማቈየት ቍጠባ አይባልም፤ ኪሳራውን የሚከፍሉት ልጆች ናቸውና። ከጥቂት ቀን በኋላ ማታ ወደዚያ ቤት ስንሄድ በመተላለፊያው የነበረው ወንበር ተነሥቶ፥ ልጂቱም በክፍሏ በጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ስታጠና አገኘናት። አባቷም ስለ ስምንተኛው ዋይፋይ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያነሡብን ቡና አስፈልተው ተጨዋወትን።