ስርዓተ ነርቭ እና የጓያ በሽታ

የሰው ስርዓተ ነርቭ ስሜትን የሚቀበል፣ የተቀበለውን የሚያመዛዝንና ለአካላት ትእዛዝ የሚሰጥ መዋቅር ሲሆን በሁለት ዐቢይ ክፍሎች ይከፈላል። ማዕከላዊው ክፍል በራስ ቅል ውስጥ ያለውን አንጎልና በአከርካሪ አጥንቶች ውስጥ የሚወርደውን ህብለ ሰረሰር ይይዛል፤ ዳርቻዊው ክፍል ደግሞ ከአንጎል የሚወጡትን 12 ጥንድና ከህብለ ሰረሰር የሚወጡትን 31 ጥንድ ነርቮች፣ እስከ ጣት ጫፍ ከሚዘልቁት ቅርንጫፎቻቸው ጋር ያካትታል። ይህ መዋቅር ጤነኛ ሳለ ሥራው ስለማይታይ፣ የእያንዳንዱ ክፍል ድርሻ ጎልቶ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሲጎዳ ነው፤ ለኢትዮጵያ ደጋ ደግሞ በዚህ ረገድ ከጓያ በሽታ የበለጠ አስተማሪ፣ የበለጠም አሳዛኝ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ጓያ በጀማ ሸለቆ ዙሪያ ባሉት የሰሜን ሸዋ መረሬ መሬቶች፣ በተለይም በሞረትና ጅሩና በእንሳሮ፣ ክረምቱ ሲወጣ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት የሚዘራ ጥራጥሬ ነው። ውሃ የቋጠረ መሬትንም ድርቅንም ስለሚችል ሌላው አዝመራ ሲከሽፍ እርሱ ይተርፋል፤ ስለዚህም የክፉ ቀን እህል ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን አብዝቶ የበላውን ሰው እግር ሽባ ሊያደርግ ይችላል፤ ይህን ጉዳት ለመረዳት በቅድሚያ የነርቭ ህዋስን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

በሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ህዋሳት እንዳሉ ይገመታል። እያንዳንዱ ህዋስ መልእክት የሚቀበልባቸው አጫጭር ቅርንጫፎችና መልእክት የሚልክበት አክሶን የተባለ አንድ ረጅም ክር አለው፤ አንዳንዱ አክሶን ርዝመቱ አንድ ሜትር ያህል ይደርሳል። መልእክቱ በክሩ ላይ የሚጓዘው በኤሌክትሪክ መልክ ሲሆን፣ ማይሊን የሚባል ስብ የበዛበት ሽፋን በለበሱት ወፋፍራም ክሮች ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ100 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ክሩ ካበቃበት ቦታ እስከ ቀጣዩ ህዋስ ድረስ ሲናፕስ የተባለ እጅግ ጠባብ ክፍተት ስላለ፣ መልእክቱ ይህን ክፍተት የሚሻገረው በአብዛኛው በኬሚካል አማካይነት ነው፤ በአንጎልና በህብለ ሰረሰር ውስጥ ህዋሳትን ለሥራ ከሚያነሣሡት ኬሚካሎች ዋነኛው ደግሞ ግሉታሜት ይባላል።

እግርን የማንቀሳቀስ ትእዛዝ የሚነሣው ከአንጎል ቅርፊት የእንቅስቃሴ ክፍል ነው። በዚያ የሚገኙት የላይኛው የእንቅስቃሴ ህዋሳት አክሶኖቻቸውን ወደ ታች ይልካሉ፤ አብዛኞቹ ክሮች በአንጎል ግንድ ታችኛው ጫፍ ላይ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገሩና በህብለ ሰረሰር ወርደው ከታችኛው የእንቅስቃሴ ህዋስ ጋር ይገናኛሉ፤ ጡንቻውን በቀጥታ የሚያዘውም ይህ የኋለኛው ነው። እግርን የሚያዙት ክሮች እስከ ወገብ አካባቢ መውረድ ስላለባቸው ከሁሉም የረዘሙት እነርሱ ናቸው።

የጓያ ፍሬ ቤታ ኦዳፕ የተባለ መርዛማ አሚኖ አሲድ አለው፤ የህንድ ተመራማሪዎች ይህን ንጥረ ነገር የለዩት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ቅርጹ ግሉታሜትን ስለሚመስል የነርቭ ህዋሳትን ያለ ልክ ይቀሰቅሳል፤ ያለ ዕረፍት የተቀሰቀሰ ህዋስም ተጎድቶ እስከ መሞት ይደርሳል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዱትም እነዚያ ረጃጅሞቹ የላይኛው የእንቅስቃሴ ህዋሳት ናቸው። ለሁለትና ለሦስት ወራት አብዛኛው ምግቡ ጓያ የሆነ ሰው፣ ብዙውን ጊዜም ጉልበት ያለው ወጣት ወንድ፣ እግሮቹ ይገተሩበታል፤ ሲራመድ ጉልበቶቹ ይጠላለፋሉ፤ በእግሩ ጣቶች ላይ ይቆማል። ቀላሉ ሕመም ያለ ምርኩዝ ያስኬዳል፤ የባሰው አንድ ከዚያም ሁለት ምርኩዝ ይጠይቃል፤ የከፋው በእጅ እየዳኹ መኖርን ያስከትላል። የሞተው ህዋስ ስለማይተካ በሽታው መድኃኒት የለውም።

ሐኪም የእንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ጉልበት በትንሽ መዶሻ መታ ሲያደርግ እግሩ ከልክ በላይ ይወረወራል። ከጉልበት በታች ያለው ጅማት ሲመታ መልእክቱ በስሜት ነርቭ ወደ ህብለ ሰረሰር ገብቶ፣ አንጎልን ሳይጠብቅ፣ በታችኛው የእንቅስቃሴ ህዋስ በኩል ወደ ጭን ጡንቻ ይመለሳል፤ ይህም ቅጽበታዊ ምላሽ ይባላል። በጤነኛ ሰው ላይ ከላይ የሚወርዱት ክሮች ይህን ምላሽ ይገቱታል፤ ክሮቹ ሲጠፉ ግን ልጓሙ ይለቀቃል። የእግሩ መገተር የጡንቻ መድከም ብቻ እንዳልሆነ የሚመሰክረው ይህ ምልክት ነው።

በጓያ የተጎዳ ሰው አእምሮው አይነካም፤ በእግሩም ሙቀትንና ሕመምን እንደ ወትሮው ይለያል። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ግን በተቃራኒው ቀዝቀዝ ያሉትን የእጅ፣ የእግርና የፊት ዳርቻዊ ነርቮች ስለሚያጠቃ በመጀመሪያ ስሜትን ይነሣል፤ ታማሚው ትኩስ ድስት ሲይዝ ወይም እሾህ ሲወጋው ስለማይሰማው ቁስሉ ይባባሳል። እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው የአዲስ አበባው የሥጋ ደዌ ማዕከል አለርት ብዙዎችን የረዳው ይህን ጉዳት በማከም ነው። ሁለቱ በሽታዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ትእዛዝ የሚወርድበትና ስሜት የሚወጣበት መንገድ የተለያዩ መሆናቸውን ያስረዳሉ።

ከእነዚህ ከትእዛዝና ከስሜት መንገዶች ሌላ ከፈቃድ ውጭ የሚሠራ ዘርፍም አለ፤ የልብ ምትን፣ ላብንና የምግብ መፈጨትን የሚመራው ራስ ገዝ ስርዓተ ነርቭ ይባላል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጠው የመንዝ ጓሳ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል በዚህ ዘርፍ አማካይነት የቆዳን የደም ሥሮች አጥብቦ ሙቀትን ይቆጥባል፤ በዚያው ላይ ጡንቻዎችን በማንቀጥቀጥ ሙቀት ይፈጥራል።

ወደ ጓያ ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 እና 1977 በደምቢያና በፎገራ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ ደግሞ በወሎ፣ በደላንታና ዳውንት አካባቢ፣ ወረርሽኝ ተከስቷል። ኒውሮሎጂስቱ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። በገጠር ሽባነቱ ከሚፈላው ጓያ እንፋሎት ወይም ገለባውን ከመንካት እንደሚመጣ ሲታመን የቆየ ሲሆን፣ ይህ እምነት ጥንቃቄን ከድስቱ ይዘት ወደ እንፋሎቱ አዙሯል፤ እውነተኛው መንገድ ግን መብላት ነው። በወሎ የተካሄደ ምርመራ እንዳሳየው፣ ጓያን በንፍሮ መልክ ወይም በእሸትነቱ መብላት አደጋውን ሲያበዛ፣ ከእህል ጋር ቀላቅሎ ወይም ሽንኩርትና ቅመም ባለበት ወጥ መልክ መብላት አደጋውን ይቀንሳል። በብዙ ውሃ መዘፍዘፍና መቀቀል፣ ውሃውንም መድፋት፣ መርዙን በእጅጉ ያወጣዋል፤ ይሁን እንጂ ድርቅ ሲጠና ተክሉ የመርዙን መጠን ይጨምራል፣ ያን ጊዜ ውሃም ማገዶም ቀላቅሎ የሚበላ እህልም ይጠፋል። ተመራማሪዎች መርዙ ያነሰ ዝርያ አውጥተው ለገበሬ አድርሰዋል፤ ዝርያው ንብ በሚያመጣው የአበባ ዱቄት ከጎረቤት ማሳ ጓያ ጋር ሊዳቀል ስለሚችል፣ ለዘር የሚቀመጠው ከአሮጌው ዝርያ ማሳ ርቆ መዘራት ይኖርበታል።