ጀልባው ተሻሻለ፣ ባሕሩ ተዘጋ፦ በቀይ ባሕር ላይ የሸራ ጀልባ ኑሮ ከስሎከም እስከ ዛሬ

ጆሹዋ ስሎከም በ1895 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ሲነሳ የያዛት ሰዓት የቆርቆሮ ነበረች። ባለሱቁ መጀመሪያ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ጠራባት፤ ፊቷ የተሰበረ ስለነበረ በ1 ዶላር ለቀቀለት። በዚያች ሰዓትና «ስፕሬይ» በምትባል 11 ሜትር ያህል በምትረዝም ጀልባ ብቻውን ዓለምን ዞሮ በ1898 ተመለሰ። ከእርሱ በፊት ይህን ያደረገ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ያሰበው ግን በስዊዝ ቦይ አልፎ ቀይ ባሕርን ለመውረድ ነበር። ጅብራልታር ሲደርስ በዚያ አቅጣጫ የባሕር ወንበዴዎች እንዳሉ ነግረው አስጠነቀቁት፤ ጀልባውን አዙሮ አትላንቲክን እንደገና አቋረጠ።

ከዚያ ወዲህ 130 ዓመት ገደማ አልፏል። ጀልባው ከሥሩ እስከ ምሰሶው ጫፍ ተለውጧል፤ መንገዱ ግን ሲከፈትና ሲዘጋ ኖሯል።

ቀይ ባሕር በሰላሙም ጊዜ ቢሆን ለሸራ አይመችም። በሰሜኑ ክፍል ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ከሰሜን ነው። በደቡቡ ክፍል ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ ተገልብጦ ከደቡብ ይነፍሳል። በዚህ ወቅት ከሕንድ ውቅያኖስ የመጣ ጀልባ ባብ ኤል መንደብን ካለፈ በኋላ እስከ ምጽዋ አካባቢ ነፋሱ ከኋላ ይገፋዋል፤ ከሱዳኗ ሱዋኪን በላይ ግን የሰሜኑ ነፋስ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ስለዚህ መርከበኛው ጎሕ ሳይቀድ መልሕቁን ይነቅላል፤ ነፋሱ ሳይበረታ ጥቂት ይጓዝና «መርሳ» ወደሚባሉት፣ ኮራል ወደከለላቸው ጸጥተኛ የባሕር ሰርጦች ይገባል። ሲገባ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ከጀርባው መሆን አለባት፤ ከፊቱ ከሆነች ውኃው ያብረቀርቅና ኮራሉን ይደብቅበታል።

የጥገናው ታሪክ ራሱን የቻለ ነው። ከ1911 ጀምሮ በጅቡቲና በእኛም አገር የኖረው ፈረንሳዊው ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ ዕንቁና መሣሪያ እያመላለሰ ይህን ባሕር ያወቀው በእንጨት ጀልባ ነበር። በሞቃት ውኃ ውስጥ እንጨትን እንደ ነቀዝ የሚቦረቡር የባሕር ትል አለ። የአካባቢው ባሕረኞች መድኃኒታቸው ጀልባውን ወደ ዳር አውጥተው ሆዱን በስብና በኖራ ድብልቅ መለሰን ነበር። በ1960ዎቹ ፋይበር ግላስ ሲስፋፋ ትሉ የሚበላው አጣ፤ ሥራው ግን አልቀረም። በረሃው የሚልከው ቀይ አቧራ ጨዋማ እርጥበት ባለበት ገመድና ሸራ ላይ ተጣብቆ ይደርቃል። ከውኃ በታች የሚታሰረው የዚንክ ቁራጭ የሞተሩን መዘውር ከመበላት ሊያድን እርሱ ይበላል፤ ጊዜው ሲደርስ በጣት ቢነኩት እንደ አይብ ይፈረፈራል። ይህን ቁራጭ በወቅቱ ያልቀየረ ሰው በኋላ መዘውሩን ይቀይራል።

አቅጣጫ ማወቅም ቀለለ። አሜሪካ ሆን ብላ ታዛባው የነበረውን የጂፒኤስ ምልክት ሜይ 2 ቀን 2000 ለሁሉም አጠራች፤ ባሕረኛው በፀሐይና በኮከብ ያለበትን ቦታ የሚለካበት ሴክስታንት ወደ ሣጥኑ ገባ። ዛሬ በሶላር የሚሠራ የጨው ማጣሪያና የሳተላይት ኢንተርኔት ያለው ጀልባ ብርቅ አይደለም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ለእኔ መልሱ ከተሞቹ ናቸው። ሱዋኪንና ምጽዋ ከዚያው ባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተገነቡ እኅትማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም የእንጨት ሰገነትና የኖራ ልስን አላቸው። የኮራል ግንብ ጠባዩ እንደ ጀልባ ነው፤ ልስኑ በየጊዜው ካልታደሰ ጨውና እርጥበት ይገቡበታል። በ1909 ፖርት ሱዳን ሲከፈት ነጋዴው ሱዋኪንን ለቀቀ፤ ሰው ያጣው ቤት በራሱ ላይ ፈረሰ። የምጽዋ ዕጣ ከዚህ ይከፋል። በንጉሡ ዘመን ለባሕር ኃይል በዓል የውጭ መርከቦች ይሰበሰቡባት የነበረችው ከተማ በ1990 ውጊያና ውጊያውን ተከትሎ በወረደው የአየር ድብደባ ቆሰለች፤ የቤተ መንግሥቱ ጉልላት እንደተቦደሰ ቀረ። ለብዙ የአማርኛ አንባቢ ምጽዋ የጎብኚ ከተማ ብቻ አይደለችም፤ ያገለገለባት፣ ወገኑን የቀበረባት አለ። በሸራ የመጣው እንግዳ መልሕቁን ጥሎ ያንን ጉልላት ሲያይ ይህን ሁሉ ባያውቅም ግንቡ ይነግረዋል።

ከዚያ መንገዱ እንደገና ጠበበ። ከ2008 በኋላ የሶማሊያ ወንበዴዎች እስከ ዐረብ ባሕር ዘለቁ፤ በፌብሩዋሪ 2011 በገዛ ጀልባቸው ላይ የታገቱ አራት አሜሪካውያን ተገደሉ። በዚያን ጊዜ አንዳንዱ ባለጀልባ ጀልባውን በጭነት መርከብ አስጭኖ ወደ ሜዲትራኒያን ላከው። የጦር መርከቦች ጥበቃ ወንበዴዎቹን ካዳከመ በኋላ ጥቂቶች ተመለሱ። በኤፕሪል 2023 የሱዳን ጦርነት ፈነዳ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የየመን ሁቲዎች መርከቦችን ማጥቃት ጀመሩ።

ከሕንድ ውቅያኖስ ወደ አውሮፓ ለመሻገር የሚያስብ ባለጀልባ ዛሬ በሳተላይት ስልኩ ማስጠንቀቂያውን ያነብና ብዙ ጊዜ ወደ ደቡብ ይዞራል፤ በአፍሪካ ጫፍ፣ ስሎከም ባለ አንድ ዶላር ሰዓቱን ይዞ ባለፈበት።