በማጠራቀሚያ ያለውን ውሃ በግፊት መለኪያ ስለ ማወቅ

ለመስኖና ለከብት የተጠራቀመ ውሃ በበጋ ሳይታሰብ ቢያልቅ አትክልቱ ይደርቃል፤ ከብቱም ይጠማል። ስለዚህ የማጠራቀሚያ ጠባቂ የውሃውን ልክ በየቀኑ ማወቅ ይገባዋል። ነገር ግን ማጠራቀሚያው ከፍ ባለ ማማ ላይ ሲሆን፥ በየጊዜው ወጥቶ በዘንግ መለካት አድካሚ ነው። ለዚህ የሚረዳው ከግርጌው የሚቀመጠው የግፊት መለኪያ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ውሃ ክብደት አለውና ከበታቹ ያለውን ሁሉ ይጫናል። ግፊቱ በጥልቀቱ ልክ ይጨምራል እንጂ በማጠራቀሚያው ስፋት አይለወጥም። ይህንንም የፈረንሳይ ሊቅ ብሌዝ ፓስካል፥ ከሞተ በኋላ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1663 በታተመው መጽሐፉ አስረድቶታል። 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ 9.8 ኪሎ ፓስካል ይጫናል። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን በግፊቱ ሲጎብጥ በውስጡ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ ለውጡም በቍጥር ይታያል። እንግዲህ 19.6 ኪሎ ፓስካል ቢያሳይ፥ ከመለኪያው በላይ ያለው ውሃ 2 ሜትር ነው። ወለሉ 6 ካሬ ሜትር ቢሆን 12,000 ሊትር አለ ማለት ነው። መለኪያው ጭቃ እንዳይሸፍነው ከወለሉ ከፍ ብሎ ቢቀመጥ፥ ያ ከፍታ ይደመራል።

ዋናው ጥንቃቄ ግን በአየር ነገር ነው። አየርም ክብደት አለውና በባሕር ጠረፍ 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ይጫናል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ 2,300 ሜትር ከፍታ ግን 77 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ አየር ልክ ተስተካክሎ የታሸገ መለኪያ በደጋ ቢተከል፥ 2.5 ሜትር ያህል አሳንሶ ይቈጥራል፤ 2 ሜትር ውሃ ያለበትም ማጠራቀሚያ ባዶ ይመስላል። መድኃኒቱ ከሽፋኑ ጀርባ እስከ ውጭ አየር የሚደርስ ቀጭን ቱቦ ያለውን መምረጥ ነው፤ አየሩ ከሁለቱም ወገን እኩል ሲጫን የውሃው ግፊት ብቻውን ይቀራልና። ቱቦውም የማጠራቀሚያው መተንፈሻም በእርጥበት ወይም በነፍሳት እንዳይደፈን በየጊዜው ይመርመር።

ደግሞም በውሃ ልክ የተስተካከለ መለኪያ ለናፍጣ አይሆንም። ናፍጣ ከውሃ ስለሚቀል፥ 1 ሜትሩን 84 ሳንቲ ሜትር ያህል አድርጎ ያሳያል።

ስለዚህ ማናቸውም ሹም መሣሪያውን ከመረከቡ በፊት ጥልቀቱን በዘንግ አስለክቶ ከቍጥሩ ጋራ ያስተያይ፤ ይህንንም ማጠራቀሚያው ሲሞላና ሲጎድል ሁለት ጊዜ ያድርግ። ሁለቱም ከተስማሙ የበጋውን ውሃ በእምነት ለማከፋፈል ይቻላል።