የሳተላይት ምስል ነጥቦችን ማጠቃለል፦ ጥቅሙና ጥንቃቄው

ሐረር፦ በጀጎል ግንብ ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኘው ኤረር በር ከጠፈር በሚነሳ የ10 ሜትር ምስል ላይ አንዲት ነጥብ እንኳን አይሞላም። ፒክስል የሚባሉት እነዚህ ነጥቦች እያንዳንዳቸው የተወሰነ ስፋት ያለውን መሬት ስለሚወክሉ፣ በምስል ተመርኩዞ ዕቅድ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት የነጥቡን ስፋት አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል 48 ሄክታር ስፋት አለው። በ10 ሜትር ምስል 4 ሺህ 800 ያህል ነጥቦችን ሲይዝ፣ በ30 ሜትር ወደ 533፣ በ250 ሜትር ደግሞ ወደ 8 ዝቅ ይላል። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ያመጠቀቻት የመጀመሪያዋ ሳተላይት የምስል ነጥብ 13.75 ሜትር ነበር።

ነጥቦችን ማጠቃለል ዝርዝርን ቢቀንስም ጥቅም አለው። ዘጠኝ ነጥቦች በአማካይ ወደ አንድ ሲቀየሩ በየነጥቡ የሚከሰተው የዘፈቀደ ስህተት ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ለሐረር ውሃ ይሰጥ የነበረውና በ1997 ዓ.ም. ገደማ የደረቀው የሐረማያ ሐይቅ የቀድሞ ገጽታ በላንድሳት የ30 ሜትር ምስሎች ተመዝግቧል። ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ሴንቲኔል 2 ያነሳቸውን የ10 ሜትር ምስሎች ከእነዚህ ጋር በትክክል ለማነጻጸር በቅድሚያ ወደ 30 ሜትር መለወጥ ያስፈልጋል።

ሥራው ጂዳል በተባለ በነጻ በሚገኝ ሶፍትዌር ሊከናወን ይችላል። ባለሙያው የመሣሪያውን ስም፣ የሚፈለገውን የነጥብ ስፋት፣ የማጠቃለያውን ስልት እንዲሁም የነባሩንና የአዲሱን ፋይል ስም በአንድ መስመር ይጽፋል። ይህ መስመር ከሪፖርቱ ጋር ከተያያዘ ሌላ ባለሙያ ሥራውን ደግሞ ሊያረጋግጠው ይችላል።

የስልቱ ምርጫ እንደ መረጃው ዓይነት ይለያያል። በ1991 ዓ.ም. በመጠቀው ቻንድራ የጠፈር ቴሌስኮፕ የኤክስሬይ ምስል ላይ ነጥቦቹ የብርሃን ቅንጣት ቆጠራ በመሆናቸው፣ ዲኤምኮፒ የተሰኘው የትዕዛዝ መሣሪያ በአራት በአራት ሲያጣምራቸው የ16 ነጥቦችን ቆጠራ ይደምራል እንጂ አማካይ አይወስድም። በመሬት አጠቃቀም ካርታ ደግሞ ቤት በ1፣ እርሻ በ2፣ ውሃ በ3 ቁጥር ቢመዘገብ፣ የቤትና የውሃ አማካይ በሌለበት እርሻ ያስገኛል። ለዚህ ዓይነቱ ካርታ ተገቢው ስልት በብዛት የተገኘውን ቁጥር መውሰድ ነው።

አነስተኛ ኩሬ ወይም የፈረሰ የግንብ ክፍል በሰፊ ነጥብ ውስጥ ተውጦ ሊቀር ይችላል። ስለሆነም ውሳኔ ሰጪው አካል የቀረበለት ምስል በስንት ሜትርና በየትኛው ስልት እንደተጠቃለለ መጠየቅ፣ ዋናው ፋይል ሳይነካ መቀመጡንም ማረጋገጥ ይኖርበታል።