ሁለት እጅ በአንድ መስመር

በምሥራቅ ጎጃም፥ በቢቸና በኩል እንደሚገኘው እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ባሉ ገዳማት መጽሐፍ በእጅ ሲገለበጥ ኖሯል። ሁለት ቅጂዎች ቢለያዩ የትኛው እጅ እንደ ሳተ ለማወቅ ሁነኛው መንገድ ሁለቱ የተቀዱበትን መጽሐፍ ገልጦ ማስተያየት ነው። ዛሬ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በኅብረት የሚጽፉ ሰዎች በዚሁ መንገድ ይሠራሉ ብንል አንባቢያችን ይደነቅ ይሆናል።

አንዱ ከአማኑኤል፥ ሁለተኛው ከሞጣ የመጡ ሁለት ወጣቶች የአንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ ፕሮግራም ይጽፋሉ እንበል። ሁለቱም በየፊናቸው አንዱን መስመር ለወጡ። ኋላ የመጣው የራሱን በላዩ ላይ ቢያስገባ የባልንጀራው ድካም ከንቱ ይቀራል።

በ1972 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ባልደረባ የነበረው ማርክ ሮችካይንድ የፕሮግራም ቅጂዎችን የሚመዘግብ መሣሪያ ሠራ። በቀድሞዎቹ መሣሪያዎች የተለመደው ዘዴ መቆለፍ ነበር፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ተራ ይጠብቃል። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጊት ግን ሁሉም በየቅጂው እንዲሠራ ይፈቅዳል። በሚዋሐዱበት ጊዜ የጋራውን አሮጌ ቅጂ፥ የአንዱንና የሌላውን ጎን ለጎን ያስተያያል። አንዱ ብቻ የለወጠውን ይቀበላል፤ ሁለቱ በተለያየ መንገድ የለወጡትን ግን ምልክት አድርጎ የሰው ፍርድ ይጠብቃል።

ይሁን እንጂ ከሚታየው ግጭት ይልቅ የማይታየው ይከፋል። የአማኑኤሉ ልጅ ከሠራተኛው የሚቀነሰውን 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ በአንድ ገጽ ቢያስቀንስ፥ የሞጣውም ልጅ ይህን ሳያውቅ በሌላ ገጽ ቢያስቀንስ፥ መስመሮቹ ስላልተነካኩ ጊት ያለ አንዳች ተቃውሞ ያዋሕዳቸዋል። 5,000 ብር ደመወዝ ያለው ሰው 350 ብር መክፈል ሲገባው ወደ 700 ብር ይጠጋበታል። የወሩ መጨረሻ ደርሶ ደመወዙን ሲቀበል የሚደርስበት ችግር ግልጽ ነው።

ስለዚህ ብልህ ሠራተኛ ሥራውን ሳያከማች በየቀኑ ያዋሕዳል፤ ግጭት ሲያገኝ «የእኔ ይጽና» ከማለት በፊት መስመሩን የጻፈውን ባልንጀራውን «ምን አስበህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከተዋሐደም በኋላ የአንድ ሠራተኛን ደመወዝ በእጁ አስልቶ ከፕሮግራሙ ውጤት ጋር ያመሳክራል። ኮምፒዩተሩ የሚያነጻጽረው የተጻፈውን ነው፤ የታሰበውን የሚያውቁት ግን የጻፉት ሰዎች ናቸው።